«ኩኒንጋስ» ከየት መጣ? የአንድ ፊንላንድኛ ቃል ሥር ደረጃ በደረጃ ሲፈለግ

ከሄልሲንኪ ጎን ባለችው ኤስፖ ከተማ አንድ የመንገድ ሰሌዳ አለ። «ኩኒንካንቲየ» ይላል። «የንጉሥ መንገድ» ማለት ነው። ድሮ ከቱርኩ ተነሥቶ በደቡብ ጠረፍ በኩል እስከ ቪቦርግ የሚዘልቅ የፖስታ መንገድ ነበር። ስሙ የቀረው ከዚያ ነው።

አንድ ቀን ሰሌዳው ሥር ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ገባና አልወጣ አለ። ፊንላንድኛ ንጉሥን «ኩኒንጋስ» ይለዋል። ጀርመንኛ «ኮኒግ» ይላል። እንግሊዝኛ «ኪንግ» ይላል። ስዊድንኛ ደግሞ «ኩንግ»፣ ረዘም ሲያደርገው «ኮኑንግ»። ዝምድና እንዳላቸው ለመጠርጠር ምሁር መሆን አያስፈልግም። ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም። ማስረጃውን እንዴት እንደሚሰበስቡት ስከታተል ያገኘሁት ነገር እጅግ አስደሰተኝ። ጀርመናዊዎቹ ቋንቋዎች (ጀርመንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ስዊድንኛና ዘመዶቻቸው) የራሳቸውን ቃል አሳጥረውና ሸርፈው ሲጨርሱ፣ የተዋሰችው ፊንላንድ እንደ አደራ ዕቃ አስቀምጣዋለች። የጥንቱን መልክ ማየት የፈለገ ሰው ከባለቤቶቹ ቤት ይልቅ ጎረቤት ቤት ቢሄድ ይሻለዋል።

ከዚህ በታች ሥሩን እንዴት እንደምትፈልጉት ደረጃ በደረጃ አሳያለሁ። ፊንላንድኛ ማወቅ አያስፈልግም። አንድ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። ፊደላችን የእነሱን ረጅምና አጭር ድምፅ ሁሉ ስለማይለይ የምጽፈው ቀረብ ያለውን ነው። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ቃሉን በሁለት መልኩ ጻፉት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። መዝገበ ቃላት ላይ ያለውን መልክ ብቻ ይዞ ይሮጣል። ፊንላንድኛ ግን ሲረባ የቃሉ ሆድ ይቀያየራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት መልክ ጻፉ፦ ቃሉ ራሱን ችሎ ሲቆም እና «የ» ሲገባበት።

ኩኒንጋስ፣ ንጉሥ። ኩኒንካን፣ የንጉሥ።

ጋ እና ካ ሲለዋወጡ አያችሁ? የሚለዋወጡት በሕግ ነው። ፊንላንድኛ ቀለሙ (ቃሉ ሲቆራረጥ የሚገኘው የድምፅ ክፍል) በተነባቢ ሲዘጋ ቀለሙን የሚጀምረውን ጠንካራ ድምፅ ያላላዋል። «ኩ-ኒን-ጋስ» ስንል የመጨረሻው ቀለም በስ ተዘግቷል፤ ስለዚህ «ንክ» ላልቶ «ንግ» ሆነ። «የንጉሥ» የሚለው መልክ ግን በጥንት ጊዜ «ኩ-ኒን-ካ-ሀን» ነበር። ካ ክፍት ቀለም ስለሆነ ሳይላላ ቆየ። በኋላ ሀ ወደቀና «ኩኒንካን» ቀረ፤ ካ ረዘም ተደርጎ ይነበባል።

ይህን ካወቃችሁ አንድ ትልቅ ነገር አገኛችሁ። የፊንላንድኛው ጥንተ መልክ በ«ንክ» ነበር። «ኩኒንጋስ» ውስጥ የምትሰሙት ንግ ከጀርመናውያን የመጣው ንግ ራሱ አይደለም። ጥንታዊው ፊንላንድኛ ገ የሚባል ድምፅ ስላልነበረው የተቀበለውን ገ ከ አደረገው። ከዚያ የራሱ ሕግ መልሶ አላላው። ዞሮ ዞሮ ቤቱ ገባ ማለት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ «ገ እንዳለ ቆየ» ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበር፤ ኋላ ሰርዣለሁ።

2. የሥጋ ዘመዶቹን ጠይቁ

ፊንላንድኛ የኡራላዊ ቤተሰብ ልጅ ነው። ቅርብ ዘመዱ ኢስቶኒያኛ ነው። ሩቅ ዘመዱ ሀንጋሪኛ ነው። ከስዊድንኛ፣ ከጀርመንኛና ከእንግሊዝኛ ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። አማርኛና ኦሮምኛ እንኳ በሩቅ አንድ አያት አላቸው፤ ለፊንላንድኛና ለስዊድንኛ ግን እንዲህ ያለ ተቀባይነት ያገኘ አያት የለም፤ ያላቸው ጉርብትና ብቻ ነው።

እንግዲህ ጠይቁ። ኢስቶኒያኛ ንጉሥን ምን ይላል? «ኩኒንጋስ»። አንድ ዓይነት። ሀንጋሪኛስ? «ኪራይ»። ፈጽሞ ሌላ። ይህኛው ከስላቭ ቋንቋዎች የተዋሰ ነው። ስላቮቹ ደግሞ ከፍራንኮች ንጉሥ ከታላቁ ካርል ስም ነው የወሰዱት ይባላል። የሰው ስም «ንጉሥ» ማለት ሆኖ ቀረ።

ምን ተረዳን? ቃሉ ከጥንታዊው ኡራላዊ አያት የተወረሰ ቢሆን ኖሮ ሩቅ ዘመዶች ዘንድ ቢያንስ ጭላንጭሉ ይገኝ ነበር። ያለው ግን ባልቲክ ባሕር ዳር ባሉት የቅርብ ዘመዶች ዘንድ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት የገባ መሆኑን እንጠርጥር።

3. ጎረቤቱን ጠይቁ

ደብተራችሁ ላይ አንድ መስመር አስምሩና በዚያኛው ወገን እነዚህን ጻፉ። ጀርመንኛ ኮኒግ፣ ሆላንድኛ ኮኒንግ፣ አይስላንድኛ ኮኑንጉር፣ ስዊድንኛ ኮኑንግ፣ የዛሬው እንግሊዝኛ ኪንግ። የጥንቱ እንግሊዝኛ ደግሞ «ኩኒንግ» ይል ነበር፤ ኩ የሚለው ከንፈርን አሹሎ እንደ ኪ እየተባለ። የጥንቱ የደቡብ ጀርመንኛ «ኩኒንግ» ነው።

የቋንቋ አጥኚዎች እነዚህን አገጣጥመው የሁሉም አባት የሆነውን ቃል መልሰው ሠርተዋል። *ኩኒንጋዝ። ፊቱ ላይ ያለችው ኮከብ ትርጉም አላት፦ «ይህ ቃል ተጽፎ አልተገኘም፤ ከልጆቹ መልክ ተነሥተን ያቀናነው ነው» ማለት ነው። ኮከቧን አትርሱ። የሚታመን የሥርወ ቃል ጽሑፍ ተጽፎ የተገኘውንና የተገመተውን አያቀላቅልም።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጓቸው። *ኩኒንጋዝ። ኩኒንጋስ። ከጀርመናውያኑ ልጆች መካከል አባቱን ይህን ያህል የሚመስል የለም።

4. ከአንድ ቃል በላይ ተመልከቱ

ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመድ አይባሉም። የሚፈለገው ሕግ ነው። ተመሳሳይ ድምፅ በተመሳሳይ ቦታ ሁልጊዜ በተመሳሳይ መንገድ መለወጥ አለበት። ሥራው የሚጥመው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልሂድ።

ከመጨረሻው እንጀምር። ጥንተ ጀርመናዊው «-አዝ» የፊንላንድኛ «-አስ» ሆኗል፤ ፊንላንድኛ ዘ ስላልነበረው። ይህ አጋጣሚ ከሆነ ሌላ ቦታ አይደገምም። ይደገማል ወይ? ቀለበት በፊንላንድኛ «ሬንጋስ» ነው፤ ጥንተ ጀርመናዊው *ህሬንጋዝ ነው፤ የዛሬው እንግሊዝኛ «ሪንግ»። በግ «ላማስ» ነው፤ ጥንቱ *ላምባዝ፤ እንግሊዝኛው የበግ ግልገል የሚልበት ቃል። መስፍን «ሩህቲናስ» ነው፤ ጥንቱ *ድሩህቲናዝ። ብልህ «ቪሳስ» ነው፤ እንግሊዝኛው «ዋይዝ»። የታመመ ሰው «ሳይራስ» ነው፤ እንግሊዝኛው ለቁስል «ሶር» ይላል። ሕግ ነው።

አንዱን እንኳ በደረጃ አንድ ሚዛን መዝኑት። ላማስ ሲረባ «ላምፓን» ይሆናል። ካ የነበረችበት ቦታ አሁን ፓ መጣች። በ ስላልነበረው ጀርመናዊውን ምብ ምፕ አደረገው፤ ቀለሙ ሲዘጋ ደግሞ ምፕ ላልቶ ጠብቆ የሚነበብ መ ሆነ። የንጉሡም የበጉም ታሪክ አንድ ነው።

ወደ ቃሉ መጀመሪያ ደግሞ እንሂድ። ጥንታዊው ፊንላንድኛ ሁለት ተነባቢ አደራርቦ ቃል መጀመር አይችልም ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ይህን በደንብ ይረዳዋል። እኛስ ስፖርት የሚለውን «እስፖርት»፣ ስታዲየም የሚለውን «እስታዲየም» እንል የለ? እኛ ፊቱ ላይ እ ጨምረን እናልፈዋለን። ፊንላንዶች ግን ይቆርጡታል፤ የሚተርፈው የመጨረሻው ተነባቢ ነው። *ስካውኒዝ «ካውኒስ» ሆነ፤ ቆንጆ ማለት ነው፤ ጀርመንኛው «ሾን»። *ስትራንዶ ሦስት ተነባቢ ደርድሮ መጣ፤ ሁለቱ ተቆረጡና «ራንታ» ቀረ፤ የባሕር ዳርቻ። *ድሩህቲናዝ ድ ወደቀበትና ሩህቲናስ ሆነ። ዳቦ «ሌይፓ» ነው፤ ጀርመናዊው መነሻው በ«ህል» ይጀምር ነበር፤ እንግሊዝኛው «ሎፍ» የሚለው ነው።

ፈ የሚባል ድምፅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ጀርመንኛው «ፌልድ» የሚለው እርሻ ፊንላንድኛው ዘንድ «ፔልቶ» ሆነ። ወርቅ በእንግሊዝኛ «ጎልድ»፣ በፊንላንድኛ «ኩልታ»። ገ ወደ ከ፣ ፈ ወደ ፐ። የድሮ ሰዎቻችን ፖስታን «ቦስታ»፣ ፖሊስን «ቦሊስ» የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው። አፍ የሌለውን ድምፅ በሚቀርበው ይተካል።

በውጭ ሰው አፍም የእኛው ቃል እንዲህ ሆኗል። «ነጋሢ» የሚለው የግእዝ ቃል ዐረብኛ ሲገባ «ነጃሺ» ሆነ። ገ ጀ ሆነች። በእስልምና ታሪክ የአክሱሙን ንጉሥ የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። የገዢ መጠሪያ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት መሻገሩ በባልቲክ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ በሥርዓት አሰልፎ ያሳየው ዴንማርካዊው ቪልሄልም ቶምሰን ነው። በ1869 ባቀረበው የዶክትሬት ጥናቱ ጀርመናዊ ቋንቋዎች በፊንላንድኛና በዘመዶቹ ላይ ያሳደሩትን ተጽዕኖ አስረድቷል። ያኔ 27 ዓመቱ ነበር። ይኸው ሰው በ1893 በሞንጎሊያ የተገኙትን የኦርኮን ጥንታዊ የቱርክ ጽሑፎች ፈቷል። እስከ ዛሬ በዚህ መስክ የሚሠሩ ሰዎች እሱ በከፈተው መንገድ ነው የሚሄዱት።

5. ማን ከማን እንደተዋሰ ለዩ

ዝምድናው ተረጋገጠ እንበል። ግን ጀርመናውያን ከፊንላንድ ተውሰው ቢሆንስ? ተገቢ ጥያቄ ነው። መፍቻው ቀላል ነው። ቃሉ በየትኛው ቋንቋ ሊፈታታ ይችላል?

በጀርመናዊው ይፈታል። «ኩን» ዘር፣ ወገን ማለት ነው፤ እንግሊዝኛ ዛሬም ዘመድን «ኪን» ይላል። «-ኢንግ» ደግሞ «የእገሌ ወገን፣ ከእገሌ የተወለደ» የሚል ቅጥያ ነው። «-አዝ» የባለቤትነት ምልክት ነው፤ ቃሉ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆን መጨረሻው ላይ ይገባል። ሦስቱ ሲገጣጠሙ «የታላቅ ወገን ልጅ» የሚል ሐሳብ ይሰጣሉ። ዘር ማንዘሩ የታወቀ ሰው ማለት ነው።

በፊንላንድኛ ግን «ኩኒንጋስ» አይፈታም። አንድ ድንጋይ ነው። «-አስ» ምን ትሠራለች ብትሉ ምንም አትሠራም። ጀርመናውያኑ ቃሉን ሲጠሩ ጭራው ላይ የነበረውን ሰዋስዋዊ ምልክት ፊንላንዶች የቃሉ አካል መስሏቸው አብረው ወሰዱት። እኛም «መምህራን» ራሱ ብዙ መሆኑን ረስተን «መምህራኖች» እንላለን። «ጂንስ» መጨረሻው ላይ ያለችው ስ የእንግሊዝኛ የብዙ ምልክት ናት፤ እኛ ግን «ሁለት ጂንሶች ገዛሁ» ብለን እናልፋለን። የሰው ሰዋስው ተጣብቆ ከቀረ ተዋሹ ማን እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው።

6. ዘመኑን ገምቱ

እዚህ ጋ የወርቅ ቀንድ ይገባል። በደቡብ ዴንማርክ፣ ጋለሁስ በምትባል መንደር፣ በ1734 አንድ የወርቅ ቀንድ ከመሬት ወጣ። አፉ ዙሪያ የጥንት ጀርመናውያን በሚጽፉበት በሩን ፊደል ተጽፎበታል። «ኤክ ህሌዋጋስቲዝ ሆልቲያዝ ሆርና ታዊዶ።» ትርጉሙ «እኔ ህሌዋጋስቲዝ ሆልቲያዝ ቀንዱን ሠራሁ» ነው። የተሠራው በ400 ዓመት ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል። በ1802 አንድ ወርቅ አንጣሪ ሰርቆ አቀለጠው። ደግነቱ ጽሑፉ አስቀድሞ በሥዕል ተገልብጦ ስለነበር ተረፈ።

የቀንዱን ሠሪ ሁለተኛ ስም እንደገና አንብቡት። ሆልቲያዝ። በ«-አዝ» ያልቃል! ኮከብ የለበትም፤ ተጽፎ የተገኘ ነው። በዚያ ዘመን በሰሜን አውሮፓ ሰው «-አዝ» ይል ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት መቶ ዓመታት አናባቢዋ ወደቀች። ቫይኪንጎቹ ጋ ስንደርስ ቃሉ «ኮኑንግር» ሆኗል። ፊንላንዶች በቫይኪንጎች ዘመን ተውሰውት ቢሆን ኖሮ ጭራው ላይ «-አስ» ከየት ይመጣ ነበር? ስለዚህ የተዋሱት ከዚያ በፊት ነው። ቢያንስ ከ1500 ዓመት በፊት ብንል አንሳሳትም።

«ሬንጋስ» ደግሞ ሌላ ምስክር አለው። ጀርመናዊው ኤ ከንግ በፊት ሲሆን ወደ ኢ ተለወጠ፤ ለዚህ ነው ዛሬ «ሪንግ» የሚሉት። ፊንላንድኛው ግን «ሬ» ይላል። ቃሉ የገባው ለውጡ ሳይደርስ ነው። ኩኒንጋስም እንዲሁ፤ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ኡን ወደ ኪና ወደ ኮ ሲያንሸራትቱ ፊንላንድኛ ኡን አልነካትም።

ጽሑፋችን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። «ንጉሥ» ስንጽፍ በሠ እንጽፋለን፤ አፋችን ግን ከሰ አይለየውም። ሠ ድሮ የተለየ ድምፅ ነበረች። ድምፁ ሞቶ ፊደሉ ቀረ። ለጀርመናዊው «-አዝ» ደግሞ ማስቀመጫ የሆነው የፊንላንዶች አፍ ነው። ፊንላንድኛ መጻፍ የጀመረው በ1500ዎቹ ነው፤ ጳጳሱ ሚካኤል አግሪኮላ የፊደል መማሪያውን ያሳተመው በ1543 ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ቃሉ ያለ ወረቀት፣ ከእናት ወደ ልጅ በቃል ብቻ ሲተላለፍ ጭራዋ እንኳ አልወደቀችም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

7. ትርጉሙንም ተከታተሉ

ድምፅ ብቻ አይበቃም። ይኸው *ኩኒንጋዝ ወደ ሊቱዌኒያ ገብቶ «ኩኒጋስ» ሆነ፤ ዛሬ እዚያ ቄስ ማለት ነው። ስላቮች ጋ ገብቶ ሩስያኛው «ክኒያዝ» ሆነ፤ መስፍን ማለት ነው። በሦስት ቤት ሦስት ማዕረግ። ሲጀመር ቃሉ የታላቅ ወገን አለቃን እንጂ የዛሬውን ዓይነት ዘውድ የጫነ ንጉሥ የሚያሳይ አልነበረም።

ፊንላንድ ራሷ ንጉሥ አንግሣ አታውቅም። እስከ 1809 በስዊድን ነገሥታት፣ ከዚያ በሩስያ ዛር ሥር ነበረች። በ1917 ነጻነቷን አወጀች። ጥቅምት 9 ቀን 1918 ፓርላማው ፍሪድሪሽ ካርል የሚባል ጀርመናዊ ልዑል «ኩኒንጋስ» አድርጎ መረጠ። ጀርመን በጦርነቱ ስትሸነፍ እሱም ታኅሣሥ 14 ቀን አልፈልግም ብሎ ተወው። በ1919 አገሪቱ ሪፐብሊክ ሆነች። ከጥንት ጀምሮ አደራ የተቀመጠው ቃል ለባለቤቱ ሳይደርስ ቀረ።

8. ወጥመዶቹን ለይታችሁ እለፉ

ሦስት አሉ። አንዱ አማርኛ ተናጋሪን ለብቻው የሚይዝ ነው።

የመጀመሪያው፣ «ተነባቢ ከተቆረጠ ጥንታዊ ነው» ማለት። ትምህርት ቤት «ኮውሉ» ነው፣ ወንበር «ቱዎሊ»። ሁለቱም ፊታቸው ስ ተቆርጣለች፤ ከስዊድንኛው «ስኮላ» እና «ስቶል»። ነገር ግን የገቡት በመካከለኛው ዘመን ነው። መቁረጡ ረጅም ዘመን የቆየ ልማድ ስለሆነ ብቻውን ዕድሜ አይነግርም። የሚነግረው «-አስ» ወይም «ሬንጋስ» ውስጥ ያለችው ኤ ዓይነት ምልክት ነው። ጥሩ ማወዳደሪያ ይኸውላችሁ፦ ፊንላንድኛ ለመስፍንና ለልዑል ሁለት ቃል አለው። «ሩህቲናስ» ድ ተቆርጣለች፣ «-አስ» አለች፣ አዛውንት ናት። «ፕሪንሲ» ፕርን ሳትቆርጥ ገባች፣ ከስዊድንኛ «ፕሪንስ»፣ ልጅ ናት።

ሁለተኛው፣ በቤት የተሠራውን ከውጭ እንደመጣ መቁጠር። ንግሥት «ኩኒንጋታር» ናት። ጀርመናዊ አካል አላት፤ «-ታር» ግን የፊንላንድኛ የሴት ቅጥያ ናት፤ ሴት ልጅ ከሚለው «ቱታር» የመጣች። ንግሥቲቱ ግማሽ ውሰት፣ ግማሽ የቤት ሥራ ነች።

ሦስተኛው የኛ ነው። ፊንላንድኛ «አልሄድም» ለማለት «ኤን ሜኔ» ይላል። «አትሄድም» ለማለት «ኤት ሜኔ»። «አይሄድም» ለማለት «ኤይ ሜኔ»። ኤት እና አት! ኤይ እና አይ! መጀመሪያ የሰማ አማርኛ ተናጋሪ መደንገጡ አይቀርም። እኔም ደንግጬ ነበር። ግን በደረጃዎቹ አሳልፉት። ፊንላንድኛው ውስጥ ት የሚመጣው ከ«ኤ» በኋላ ነው፤ በሌሎቹ ግሦችም «አንተ» የሚለውን ጭራ ላይ ያሳያል፤ «ሜኔት» ትሄዳለህ። የእኛዋ ት ግን ከግሡ ፊት የምትለጠፍ ናት፤ «ትሄዳለህ» እንደምንለው፣ እንደ ዘመዶቿ ሴማዊ ቋንቋዎች ሁሉ። የሁለቱ አሠራር ተቃራኒ ነው። ሌላ የድምፅ ሕግ የለም። ሁለቱ ሕዝቦች በጥንት የተገናኙበት ዘመንም የለም። መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው። ቆንጆ አጋጣሚ፣ ግን አጋጣሚ።

9. መዝገበ ቃላቱን መጨረሻ ላይ ክፈቱ

መልሱን መጀመሪያ ብታዩት ዓይናችሁ ሌላ ነገር አያይም። ስለዚህ የራሳችሁን ግምት ከጻፋችሁ በኋላ ነው መክፈት ያለባችሁ። ትልቁ የፊንላንድኛ ሥርወ ቃል መዝገብ ከ1992 እስከ 2000 በሦስት ቅጽ የታተመው ነው። የፊንላንድ የቋንቋዎች ተቋም፣ በአጭሩ «ኮቱስ» የሚሉት፣ የሥርወ ቃል መዝገብ በኢንተርኔት በነጻ አቅርቧል። «ጌርም» የሚል አሕጽሮት ካያችሁ ከጀርመናዊ የመጣ ነው ማለት ነው። የጥያቄ ምልክት ካለበት ባለሙያዎቹ እርግጠኛ አይደሉም፤ ምልክቱን አብራችሁ ገልብጡት።

10. በሌላ ቃል ሞክሩት

«ራይ» የሚባለው እህል በፊንላንድኛ «ሩይስ» ነው። ጥቁሩ የአገሩ ዳቦ የሚጋገረው ከዚህ ነው። «የራይ» ሲሉ «ሩኪን» ይላሉ። እንግሊዝኛው «ራይ» ነው፤ ጀርመንኛው «ሮገን»፤ ስዊድንኛው «ሮግ»። ደብተራችሁን ግለጡና ከደረጃ አንድ ጀምሩ። ሩኪን ውስጥ ያለችው ኪ ሩይስ ላይ የት ገባች?